ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ?

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ» ሲባል የሰማ ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል፤ መልስ የሌለው ጥያቄ ይመስለዋልና። እኔ ግን መልስ አለው ብዬ ልከራከር ተነሥቻለሁ። ያበጠ ምላጭ በሌላ ምላጭ ይበጣል። የታመመ ሐኪም በሌላ ሐኪም ይታከማል። የሰው ብሶት ሲሰማ የዋለ የአእምሮ ጤና ባለሙያም የራሱን ብሶት የሚሰማለት ሌላ ባለሙያ ያሻዋል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ፣ ይህን አሳብ አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው እንደ ደካማ የሚቆጠርበት ምክንያት ምን ይሆን?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ጓደኛዬ ነገር ነው። አብረን የሥነ ልቦና ትምህርት እንማራለን። ባለፈው ጊዜ ለልምምድ ተልኮ በጦርነቱ ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎችን ብሶት ሲያዳምጥ ሰነበተ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ አንዱ የሞተ ልጁን ሲነግረው ሌላው የተቃጠለ ጎተራውን ይነግረዋል። ጓደኛዬ ከዚያ ሲመለስ እኛ የምናውቀው ቀልደኛ ሰው አልነበረም። ሻይ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ መቀመጥ ጀመረ። ብርጭቆ ሲሰበር ይደነግጣል። ሌሊት በሕልሙ የሚያየው ደግሞ የራሱን ቤት አልነበረም፤ በዓይኑ አይቶት የማያውቀው የሌላ ሰው ቤት ሲቃጠል ነው። በመጨረሻ ለኃላፊው ሄዶ «እኔም የሚያነጋግረኝ ሰው ባገኝ» አለው። የተሰጠው መልስ ይህ ነበር፦ «አማካሪ ልትሆን መጥተህ አማካሪ ትፈልጋለህ? እንግዲያውስ ሙያ ቀይር።»

የተቋሙንም የሰውዬውንም ስም አልጠራም። ሰውዬው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ እርሱም በጊዜው የተነገረውን መልሶ መናገሩ ይሆናል። እኔ የምጣላው ከዚያ አነጋገር ጋር ነው። ምክንያቱም በዚያ አነጋገር ውስጥ አንድ ትልቅ ሐሰት ተሸሽጓል፤ እርሱም «አዳማጭ ሰው ጆሮ እንጂ ልብ የለውም» የሚል ነው።

እስቲ ይህን ሐሰት በገዛ አገራችን ሥርዓት እንመዝነው። የእድር ዳኛ ሰው ሲሞትበት እድር አይደርስለትምን? «አንተ ዳኛ ነህና ድንኳንህን ራስህ ትከል፣ ንፍሮህንም ራስህ ቀቅል» የሚለው ጎረቤት አለን? ዛሬ ሊያጽናና የሄደ ሰው ነገ ሌላው እርሱን ሊያጽናና ይመጣል፤ ለቅሶ ብድር ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ያውቃል።

ከዚህም የበለጠ ምስክር አለኝ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። የብዙ ቤት ምሥጢር፣ የብዙ ሰው ኃጢአት በሆዱ ይዞ የሚኖር ቄስ የራሱን ለራሱ ተናዝዞ፣ ለራሱ «ይፍታህ» ብሎ ሊነሣ አይችልም። እርሱም የንስሐ አባት አለው። ወደ ሌላ ካህን ሄዶ ይንበረከካል፤ ጳጳስም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት ነፃ አይደለም። ታዲያ ምእመናኑ «ቄሳችን ንስሐ ገባ» ብለው ይንቁታልን? ይልቁንም ንስሐ የማይገባውን ቄስ ነው የሚፈሩት። ይህን ሥርዓት የሠሩ አባቶች ስለ ሰው ልብ የሚያውቁት ነገር ነበር። የሰውን ሸክም የሚቀበል ሰው የራሱን የሚያራግፍበት ቦታ ካላገኘ እንደሚጎብጥ ያውቁ ነበር። እኛ ዘመናዊውን የምክር ሙያ ስናስገባ ወንበሩንና መዝገቡን አስገብተን ይህን ብልሃት በር ላይ ጥለነው ገባን።

አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ ሰፈራችን ላምጣው። በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነቱ ከተከዜ ተሻግሮ መጣ። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ ወገን የሸሸው ሕዝብ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ገባ። ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም የትግራይ ተዋጊዎች በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት በቆዩባቸው ቀናት፣ ሂዩማን ራይትስ ዎች ኋላ አጣርቶ እንዳወጣው፣ ቢያንስ 26 ሲቪሎች ተረሸኑ፤ የአካባቢው ባለሥልጣኖችና ነዋሪዎች የተናገሩት ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። (ከተከዜ ማዶ በትግራይ ሕዝብ ላይ የወረደውን መከራ ለመካድ የሚሻ ሰው ግን ይህን ጽሑፍ መሣሪያ አያድርገው፤ የእናት እንባ ወረዳ አይለይም።) በ2014 ዓ.ም ደግሞ ከማይ ዓይኒና ከአዲ ሐሩሽ ካምፖች የመጡ ኤርትራውያን ስደተኞች በዚሁ በዳባት ወረዳ፣ አለምዋጭ በተሠራው መጠለያ ሠፈሩ። ይህ ሁሉ ገና ሳይሽር በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን በመንግሥት ጦርና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ሌላ ውጊያ ተነሣ።

ዳባት ሰው የሚቆጠርባት ወረዳ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በዚያ የምርምር ጣቢያ አቋቁመው ቤት ለቤት ልደትንና ሞትን ሲመዘግቡ ኖረዋል። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ይታወቃል። ግን እስቲ ልጠይቅ፤ ያንን ሁሉ ሞት ከሟቹ ቤተሰብ አፍ ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው ሌሊት እንዴት እንደሚያድር የሚመዘግበው መዝገብ የት አለ?

በሌላው ዓለም ከተማ ውስጥ አማካሪው የሰላም ሰው ነው፤ የጦርነቱን ወሬ ከታካሚው አፍ ነው የሚሰማው። በእኛ ዘንድ ግን አማካሪውና ተመካሪው ከአንድ እሳት የወጡ ናቸው። ደባርቅ ላይ ወንበር ስቦ የሚያዳምጠው ነርስ ያን ክረምት የመድፉን ድምፅ በገዛ ጆሮው ሰምቶ ይሆናል። ዳባት ላይ «አይዞሽ፣ ንገሪኝ» የምትለው የጤና ባለሙያ የራሷ አጎት አልተመለሰ ይሆናል። እንግዲህ አንዲት እናት ገብታ «ልጄን ከደጃፌ ወስደው…» ብላ ስትጀምር፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ያለው ቁስል የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሁለት ሰው ነው። አንደኛው ቁስል ሊታከም መጥቷል። ሁለተኛው ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ ተሸፍኗል።

ይህ የተሸፈነ ቁስል ምን ያደርጋል? «ምንም አያደርግም፤ ባለሙያ ነውና ይቋቋመዋል» የሚል ካለ፣ የሚሆነውን ላሳየው።

መጀመሪያ፣ ነገሩን ያቋርጣል። ያቺ እናት የልጇን ነገር ልትናገር ስትጀምር አዳማጩ የራሱ ሰው ትዝ ስለሚለው ቶሎ ብሎ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አታልቅሺ» ይላታል። ለእርሷ የራራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ዝም ያሰኛት የራሱን ሕመም ሽሽት ነው። እርሷም «ይህን ሰው አስጨነቅሁት» ብላ የቀረውን በሆዷ ይዛ ትሄዳለች። ሆድ ይፍጀው! የመጣችበት ነገር ሳይነገር ቀረ።

ሁለተኛ፣ አሳብን ያምታታል። አዳማጩ በልቡ ያለውን ቂም፣ ፍርሃት ወይም የበቀል ምኞት ሳያውቀው በታካሚው አፍ ያስገባል። ታካሚው ሊያዝን የመጣውን አዳማጩ እንዲቆጣ ያደርገዋል፤ ይቅር ልበል ያለውን እንዴት ተደርጎ ይለዋል። በጦርነት ባለፈ አገር ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ለአንባቢ መናገር አያስፈልገኝም።

ሦስተኛ፣ ያደነዝዛል። መቶኛውን ለቅሶ የሰማ ጆሮ፣ ማራገፊያ ካላገኘ፣ ራሱን ለማዳን ሲል መስማት ያቆማል። ያን ጊዜ አማካሪው ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ ይሆናል፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የደረሰው ጉዳት፣ ቀጣይ። ታካሚው ይህን ወዲያው ያውቀዋል፤ የአገሬ ገበሬ ፊደል ላይቆጥር ይችላል፣ ፊት ማንበብ ግን ከማንም በላይ ያውቃል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. ማካንና ፐርልማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት፣ የተጎዱ ሰዎችን የሚያዳምጥ ባለሙያ ራሱ ስለ ዓለምና ስለ ሰው ያለው እምነት ቀስ በቀስ እንደሚናድ ጽፈዋል፤ ጉዳቱ ከታካሚው ወደ ባለሙያው በወሬ ይሻገራል ማለት ነው። በ1995 ቻርልስ ፊግሊ ይህንኑ የርኅራኄ ድካም ብሎ በመጽሐፍ አወጣው። ጓደኛዬ ያላየውን ቤት በሕልሙ ሲቃጠል ያየው ደካማ ስለ ሆነ ሳይሆን በደንብ ስላዳመጠ ነው። «ሙያ ቀይር» የተባለው እንግዲህ ሙያውን በሚገባ ስለ ሠራ ነው!

የዚህ ሙያ አባት የሚባለው የቪየናው ሐኪም ዚግመንድ ፍሮይድም ይህን የተማረው ተቸግሮ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. የራሱን ልብ በራሱ ሊመረምር ተነሣ። በዚያው ዓመት ግን ለወዳጁ ለቪልሄልም ፍሊስ በጻፈው ደብዳቤ ሰው ራሱን በእውነት ሊመረምር እንደማይችል አመነ። ይህ እንግዲህ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» የሚለው የእኛው ተረት መሆኑ ነው። በ1912፣ የዙሪክ ሐኪሞች ሌላውን ሊመረምር የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው ፊት ይመርመር ማለታቸውን አመሰገነ። በ1920 በርሊን ላይ የተከፈተው ተቋም ይህን የሥልጠናው ክፍል አደረገው። በ1937፣ ፍሮይድ የ81 ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ መርማሪ ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ሳያፍር ተመልሶ ይመርመር ብሎ ጻፈ። ሳያፍር ማለቱን ልብ በሉልኝ። እፍረቱ በቪየናም ነበረ ማለት ነው፤ የደባርቅ ብቻ አይደለም።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለኝ እንዳይጠፋ ወደ አፍሪካ ልመለስ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ የተጨነቀ ሰው ሁሉ እየመጣ ያጫውታቸው ጀመር። ሥራው በ2016 በጥናት ተፈትኖ ውጤቱ የታየ ነው። እነዚያ አያቶች ራሳቸው ድሆች፣ ራሳቸው ብዙ የቀበሩ ናቸው። ታዲያ እንዴት ቆሙ? እርስ በርሳቸው እየተሰበሰቡ የሰሙትን ይካፈላሉ፤ ከበላያቸውም የሚያማክራቸው ባለሙያ አለ። አዳማጭም አዳማጭ አለው። ይህን ለማድረግ ዶላር ሳይሆን አግዳሚ ወንበርና አስተዋይ ሰው ነበር የፈለገው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልሂድ፤ እነርሱም ብዙዎች ናቸው።

አንደኛው፣ «ሕዝቡ አንድ አማካሪ እንኳ ሳያገኝ አንተ ለአማካሪው አማካሪ ትጠይቃለህ?» ይለኛል። ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ አላልፈውም። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ታሪክ አጭር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ሁሉ የሚማረው ውጭ አገር ነበር፤ ከተማሩትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። ባለሙያው ጥቂት ነው፤ እውነት ነው። ዳሩ ግን ጥቂት ስለ ሆነ አይደለም ወይ ልንጠብቀው የሚገባን? የዳባት ገበሬ አንድ ጥንድ በሬ ብቻ ቢኖረው «በሬዬ ጥቂት ነውና ሣር አላበላውም» ይላልን? ሁለት ብቻ ስለ ሆኑ ከልጁ አፍ ነጥቆ ያበላቸዋል። አንድ አማካሪ በሁለተኛው ዓመቱ ዝሎ ሙያውን ጥሎ ቢሄድ፣ ለሥልጠናው የወጣው የደሀው ግብር አብሮት ይሄዳል። ለዚያ ሰው በወር ጥቂት ሰዓት ማደል ይከብዳል ወይስ እንደ ገና ሌላ ሰው ማሠልጠን?

ሁለተኛው፣ «ራሱ የሚታከም ሰው እንዴት ሌላውን ያክማል?» ይላል። ሊማሊሞን ሊወርድ የተነሣ ሾፌር ደባርቅ ላይ ቆሞ ፍሬኑን ሲያስይ ያየ መንገደኛ «ይህ ሾፌር አይረባም» ብሎ ከመኪናው ይወርዳልን? የማያስየው ነው የሚያስፈራው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት የተተረተው ድስቷን ከእሳት ባላወጣችው ላይ እንጂ አስቀድማ ባወጣችው ላይ አይደለም።

ሦስተኛው፣ «ጸሎትና ጠበል አለን፤ ይህ ሁሉ ለምን?» ይላል። በጸሎቱም በጠበሉም አልከራከርም፤ እናቴም የምትጽናናው በዚያ ነው። አማካሪውም ወደ ንስሐ አባቱ ቢሄድ፣ ወደ መስጊዱ ቢሄድ እሰየው። ነገር ግን ካህኑ የኃጢአቱን ይሰማዋል እንጂ፣ ትናንት ያቺ እናት ስታለቅስ ለምን ነገሩን እንደ ለወጠ አብሮት አይመረምርለትም። ይህ ሌላ ሥራ ነው፤ ሌላም ሙያ ይጠይቃል።

አራተኛው አስተዋይ ነው፤ «አማካሪው ሥራውን የሚቆጣጠርለት አለቃ አለው፤ ከእርሱ ጋር ይነጋገር» ይላል። የሥራ ክትትል መኖሩ መልካም ነው፤ ባይኖር ኖሮ እርሱንም እጠይቅ ነበር። ግን ሁለቱ ነገሮች አይምታቱብን። ከአለቃ ጋር የሚደረገው ንግግር ስለ ታካሚው ነው። እኔ የምጠይቀው ንግግር ስለ አማካሪው ስለ ራሱ ነው። ደግሞስ ደመወዜን ለሚያሳድግ፣ ፈተናዬን ለሚያርም ሰው «ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ፣ ጠርሙስ ወደደኝ» ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ? የፍሮይድ ተከታዮችም በዚሁ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል፤ ሠልጣኙን የሚያክመው ሰው ስለ እርሱ ለተቋሙ የሚናገር ከሆነ ሠልጣኙ እውነቱን አይናገርምና። ምሥጢር ከሌለ ሕክምናው ድራማ ነው።

አምስተኛው የትንሽ ከተማን ችግር የሚያውቅ ሰው ነው። «ደባርቅ ላይ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ ያ አማካሪ ወደ ማን ይሄዳል? የሚያክመው ሰው ማታ በሰርግ አብሮት ሊቀመጥ ነው» ይላል። ልክ ነው። ጎንደር ደግሞ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ ልውውጥ ያስፈልጋል፤ የደባርቁ የጎንደሩን፣ የጎንደሩ የባሕር ዳሩን በስልክ ያዳምጥ። ፊት ለፊት የመነጋገርን ያህል ላይሆን ይችላል። ከዝምታ ግን ይሻላል።

በሐቅ መከራከር ስላለብኝ በእኔ ላይ የሚቆመውንም ነገር እናገራለሁ። አማካሪው ራሱ መታከሙ ታካሚው ቶሎ እንዲድን ያደርጋል ወይ የሚለውን የመረመሩት ጥናቶች አንድ ዓይነት ፍርድ አልሰጡም፤ ይህን የሚያስገድዱ ማሠልጠኛዎች እንዳሉ ሁሉ የማያስገድዱም አሉ። በግድ የተላከ ሰውም ሰዓቱን ቆጥሮ ይወጣል እንጂ ልቡን አይከፍትም ይባላል፤ ይህም እውነትነት አለው። እኔ ግን መለኪያው እርሱ ብቻ አይመስለኝም። የታከሙት ባለሙያዎች ራሳቸው ምን ይላሉ ቢባል፣ ብዙዎቹ ጠቀመን ይላሉ፤ ከጠቀማቸውም አንዱ በዚያ በሌላው ወንበር ላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ማወቃቸው ነው። በር ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ ማለትን፣ የመጀመሪያውን ቃል ማውጣት እንዴት እንደሚከብድ፣ ሰዓት ስትታይ እንዴት ልብ እንደሚሰበር ከመጽሐፍ የተማረ የለም። ይህን ያላየ ሰው ገበሬውን «ለምን አትናገርም?» ይለዋል። ያየው ግን ይጠብቀዋል።

እኛ ተማሪዎችስ? አስቂኙ ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ መጨነቅ ፈተና እንፈተናለን፤ ስንጨነቅ ግን እንደበቃለን። የጭንቀትን ምልክት አንድ በአንድ በቃል የሚወጣልን ሰዎች፣ ምልክቱ በራሳችን ላይ ሲታይ «ወባ ሳይሆን አይቀርም» እንላለን። ነገ ደግሞ ወደየወረዳው ሄደን ሕዝቡን «አትፈሩ፣ አትፈሩ፣ ተናገሩ» እንለዋለን። ራሳችን ያልደፈርነውን ነገር ለእናቶቻችን ማዘዝ ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ሻጩ የማይቀምሰውን ጠላ ማን ይገዛል?

ስለዚህ ይህ ኅብረት አሳቤን ተቀብሎ የሚከተሉትን እንዲጠይቅ በትሕትና፣ ግን ሳልወላውል፣ አቀርባለሁ፦

1ኛ. በሥነ ልቦናና በአእምሮ ሕክምና ትምህርት ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ወደ ልምምድ ከመላኩ በፊትና በልምምዱ ጊዜ የራሱን ነገር ከባለሙያ ጋር የሚነጋገርበት ጥቂት የተወሰነ ሰዓት ይመደብለት። ሰዓቱ ይቆጠር፤ የተነገረው ግን በማንም መዝገብ አይግባ።

2ኛ. ያ ባለሙያ የተማሪው መምህር፣ ፈታኝ ወይም አለቃ አይሁን።

3ኛ. በጦርነት በተጎዱ ወረዳዎች ለሚሠሩ አማካሪዎች፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቀን ከሥራ ሰዓታቸው ይሰጣቸው። ከእረፍታቸው አይወሰድ። የእርዳታ ድርጅቶችም የአማካሪ ደመወዝ ሲይዙ ይህንንም በበጀታቸው ይያዙ።

4ኛ. በደባርቅ፣ በዳባት፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ባሉ ባለሙያዎች መካከል የስልክ ልውውጥ ይዘጋጅ።

5ኛ. እርዳታ የጠየቀ ባለሙያ ስለ ጠየቀ ብቻ ከሥራው እንዳይነሣ፣ ከእድገቱም እንዳይቀር በጽሑፍ ይረጋገጥ።

ከእነዚህ አምስቱ ሕንፃ የሚጠይቅ አለን? አንድም የለም። የሚጠይቁት ሰዓት፣ ስልክና አንድ ወረቀት ነው፤ ከሁሉም በፊት እፍረትን መተው ነው።

ስለ ጓደኛዬ የቀረውን ነግሬ ልጨርስ። ሙያውን አልቀየረም። በሰው በሰው አድርጎ በሌላ ከተማ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አገኘ። የስልክ መስመር ሲኖር ያነጋግራታል፤ ሲጠፋ ይጠብቃል። ለካርድ የሚያወጣው ገንዘብ ከቤት ከሚላክለት ስንቅ ላይ የተቀነሰ ነው። በቅርቡ ከአንዲት ባልቴት ጋር ሲነጋገር እኔ ከውጭ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር። ባልቴቷ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ነገር ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «ይህ ልጅ አስጨረሰኝ» አሉ። ነገራቸውን እስከ መጨረሻው ተናግረው ማለታቸው ነው። ጓደኛዬም ማታ በደንብ ተኛ።

ያቺ ባለሙያ ለእርሱ ባትኖር ኖሮ እርሱ ለእኒያ ባልቴት አይኖርላቸውም ነበር። የአንዱ ጆሮ የሚቆመው በሌላው ጆሮ ነው። ይህን አንድ ልጅ ከስንቁ ቀንሶ እንዲገዛው መተው ግን ለተቋሞቻችን አያኮራም። ወገኖቼ፣ «ሙያ ቀይር» የሚለውን አነጋገር እንቀይር! ያበጠውን ምላጭ የሚበጣ ምላጭ አለ፤ ያጣነው የሚያቀብለውን እጅ ነው።

አንድ የሥነ ልቦና ተማሪ፣ የዳባት ልጅ